በቤተ ሙከራ የሚያድግ የልብ ጡንቻ ለምን በኤሌክትሪክ ይሠለጥናል?

ሲሳፕራይድ ለቃር ይታዘዝ የነበረ መድኃኒት ነው። አደገኛ የልብ ምት መዛባት እንደሚያስከትል በመታወቁ በአውሮፓውያኑ 2000 ከአሜሪካ ገበያ ወጣ። ይህ የታወቀው ግን በርካታ ሰዎች ከወሰዱት በኋላ ነበር። ተመራማሪዎች እንዲህ ያለውን ጉዳት ማንም መድኃኒቱን ሳይውጥ፣ በቤተ ሙከራ ባደገ የሰው ልብ ጡንቻ ላይ አስቀድመው ለመለየት ይሻሉ።

ሕዋሱን ማግኘቱ ብዙ አያስቸግርም። ከአዋቂ ሰው ደም ወይም ቆዳ የተወሰደ ሕዋስ ወደ ግንደ ሕዋስ፣ ከዚያም ወደ ልብ ሕዋስ ይለወጣል፤ መምታትም ይጀምራል። ይሁንና በፅንስ ልብ ውስጥ እንዳለ ሕዋስ ለጋ ሆኖ ይቀራል። የአዋቂ ልብ ምቱ ሲፈጥን የመኮማተር ኃይሉ ይጨምራል፤ የለጋው ግን ይዳከማል። በእንዲህ ያለ ጡንቻ ላይ የተፈተሸ መድኃኒት አሳሳች ውጤት ሊሰጥ ይችላል።

መላው የተገኘው ከልብ ከራሱ አሠራር ነው። በሰውነት ውስጥ የእያንዳንዱ ምት መነሻ ደካማ የኤሌክትሪክ መልእክት ነው። መልእክቱ ሲደርስ በሕዋሱ ሽፋን ላይ ያሉ ቀዳዳዎች ይከፈታሉ፤ ካልሲየም ወደ ውስጥ ይገባል፤ ጡንቻውም ይኮማተራል።

በ2004 በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የነበሩ ተመራማሪዎች ከአይጥ ግልገሎች በወሰዷቸው የልብ ሕዋሳት ይህንን መልእክት አስመስለው ሠሩ። በየሰከንዱ አንድ አጭር ንዝረት ያገኙት ሕዋሳት በአንድ አቅጣጫ ተደረደሩ። በ8 ቀናት ውስጥም የመኮማተራቸው መጠን ንዝረት ካላገኙት በ7 እጥፍ በለጠ።

የኮሎምቢያ ዩኒቨርሲቲዋ ጎርዳና ቩንያክ ኖቫኮቪች እና ባልደረቦቻቸው በ2018 ይፋ ያደረጉት ጥናት ደግሞ በሰው ሕዋሳት ላይ የተሠራ ነው። ንዝረቱን በሰከንድ ከ2 ጀምረው በሁለት ሳምንት ውስጥ ቀስ በቀስ ወደ 6 አሳደጉት፤ ከዚያም ለአንድ ሳምንት ወደ 2 መለሱት። በሰከንድ 6 ማለት በደቂቃ 360 ምት ነው፤ ዕረፍት ላይ ያለ የአዋቂ ልብ በደቂቃ ከ60 እስከ 100 ጊዜ ብቻ ነው የሚመታው። ሥልጠና ቢባል ማጋነን አይሆንም።

ከሁሉ የሚያስገርመው የጊዜው ጉዳይ ነው። ሥልጠናው የሠመረው ሕዋሳቱ መምታት እንደጀመሩ፣ በ12ኛው ቀን ገደማ ሲጀመር ነው። እስከ 28ኛው ቀን የቆዩት ግን ያን ያህል አልበሰሉም። በጊዜው የሠለጠነው ጡንቻ ምቱ ሲፈጥን እንደ አዋቂ ልብ ኃይሉ ጨምሯል፤ ኃይል አመንጪ የሆኑት ማይቶኮንድሪያዎቹም በዝተዋል።

ሆኖም የሚኮማተርበት ጉልበት ገና ከአዋቂ ልብ በእጅጉ ያነሰ ነው።