የብስክሌት ቁምጣ ለሞላ ሰውነት፦ ጭን እንዳይላጥ ምን እናድርግ?



ስድስት ኪሎ አካባቢ በምሠራበት መድኃኒት ቤት አንዲት የአራት ልጆች እናት ሰው እስኪወጣ ጠብቀው፣ ድምፃቸውንም ዝቅ አድርገው «ለላጠኝ የሚቀባ ነገር ስጪኝ» አሉኝ። ሐኪማቸው ስኳራቸው ከፍ ማለቱን ነግሯቸው ክብደት እንዲቀንሱ መክሯቸው ነበር። ልጃቸው በገዛላቸው የቤት ውስጥ ብስክሌት ሁለት ሳምንት እንደ ሠሩ ግን የጭናቸው ውስጠኛ ክፍል ተልጦ መራመድ አቃታቸው። «ይሄ ለቀጫጭኖች ነው፤ ልተወው» አሉኝ።

እህቶች ሆይ! ብዙዎቻችሁ እንዲህ ብላችሁ አቁማችሁ ይሆናል። ጥፋቱ ግን የውፍረታችሁ ሳይሆን የለበሳችሁት ልብስ ነው። የጥጥ የውስጥ ልብስ ላብን ይዞ ይቆያል፤ እርጥብ ቆዳ ደግሞ ከደረቅ ይልቅ ቶሎ ይላጣል። በዚያ ላይ ስፌቱ በእያንዳንዱ የፔዳል ምት ያንኑ ቦታ ይፈትጋል።

ለዚህ ተብሎ የተሠራው በመቀመጫው ስፖንጅ ያለው የብስክሌት ቁምጣ ነው። ድሮ ስፖንጁ ሻሙዋ ከተባለ የተራራ እንስሳ ቆዳ ይሠራ ነበር፤ ዛሬ ላብ የማይይዝ ጨርቅ ለብሶ ይመጣል። በሐምሌ 2013 ዓ.ም. በቶኪዮ ኦሎምፒክ አገራችንን ወክላ የተወዳደረችው ሰላም አምሃን የመሳሰሉ ብስክሌተኞች የሚለብሱት ይህንኑ ዓይነት ልብስ ነው። ለሞላ ሰውነት የሚሆን ልክ ማግኘት ግን ትዕግሥት ይጠይቃል። ስለዚህ የሚከተሉትን ልብ በሉ።

ልክ፦ በወገባችሁ ብቻ አትግዙ። ዳሌያችሁንና የጭናችሁን ወፍራም ቦታ በሜትር ለኩ፤ ቁጥሩንም ውጭ አገር ላለ ዘመድ ወይም ለነጋዴው ስጡ። እግሩ እስከ ጉልበት አካባቢ የሚወርድ፣ ወገቡ ሰፊና ከፍ ያለ ቢሆን ይመረጣል፤ አጭር ከሆነ ወደ ላይ እየተጠቀለለ ይፈትጋል።

ሙከራ፦ ለብሳችሁ ቁሙ፣ ጎንበስ በሉ፣ ተቀመጡ። ስፖንጁ ከቦታው ከተንሸራተተ ሰፍቷል፤ ሥጋችሁን ከቆረጠ ጠቧል። ወፍራም ስፖንጅ ሁሉ ጥሩ አይደለም። በጣት ሲጫኑት ቶሎ የማይሰምጥ፣ መሐሉ ላይ ስፌት የሌለው ይሻላል። ሰው የለበሰውን ሳልቫጅ ግን አልመክርም፤ ስፖንጁ ያረጀና የሰው ላብ የጠጣ ነው።

አለባበስ፦ ከሥሩ የውስጥ ልብስ አይለበስም፤ ቆዳን ከስፌት የሚጠብቀው ቁምጣው ራሱ ነው። ከላዩ ሰፊ ሱሪና ረዘም ያለ ቀሚስ ወይም ጂልባብ መደረብ ይቻላል፤ ስለዚህ ሒጃብ ምክንያት አይሆንም። መንገድ ላይ ለምትነዱ ግን የልብሱ ጫፍ ካቴና ውስጥ እንዳይገባ ሰብስቡት፤ የካቴና መሸፈኛ ያለው ብስክሌትም ይመረጣል። ከስድስት ኪሎ በአፍንጮ በር ወደ ራስ መኮንን ድልድይ ቁልቁል ስትወርዱ ልብሱ ከተያዘ አደጋው ቀላል አይደለም። ጀማሪዎች በ2011 ዓ.ም. በተጀመረው የ«መንገድ ለሰው» ዓይነት መንገድ ከመኪና ነፃ በሚሆንበት ቀን ቢለማመዱ መልካም ነው።

ንጽሕና፦ እንደ ጨረሳችሁ ወዲያው አውልቁት። ለብሶ እያወሩ መቀመጥ ለፈንገስና ለብጉንጅ በር ይከፍታል። በእያንዳንዱ ጊዜ ታጥቦ ፀሐይ ላይ ይድረቅ፤ ስለዚህ ሁለት ቢኖራችሁ ይመረጣል። ላብ ነጃሳ አይደለም፤ ከቁስል ደም ከወጣ ግን ከሶላት በፊት ታጥቦ ይቀየር።

አሁን ወደ መድኃኒቱ እንምጣ። ከመንዳታችሁ በፊት በሚፋተገው ቦታ ላይ ስስ አድርጋችሁ ቫዝሊን ቀቡ። ፓውደር ከላብ ጋር ተጓጉሎ ራሱ ይፈትጋልና ተዉት። ከተላጠ ለብ ባለ ውኃ አጥባችሁ፣ ሳትፈትጉ አድርቃችሁ ዚንክ ኦክሳይድ ቀቡ፤ እስኪድንም እረፉ። «ለሁሉም ይሆናል» እየተባለ የሚሸጠውን ስቴሮይድ ያለበት ቅባት በራሳችሁ አትጠቀሙ፤ ቆዳን ያሳሳል፣ ፈንገስ ካለም ያስፋፋዋል።

ቁስሉ ከተመለሰ፣ መግል ከያዘ ወይም ትኩሳት ካመጣ ሐኪም ዘንድ ሂዱ። በጭን መሐል ፈንገስ እየተመላለሰ ካስቸገራችሁ፣ ውኃ ጥምና ቶሎ ቶሎ መሽናትም ካለ፣ ስኳራችሁን ተመርመሩ። ስኳር ያለበት ሰው ቁስሉ ቶሎ ስለማይድን ትንሹን መላጥ አይናቅ። ስትነዱ ከታች ከደነዘዛችሁ ደግሞ ኮርቻው ወይ ጠቧል ወይ ወደ ላይ አዘንብሏል፤ ይስተካከል፣ ሰፋ ባለም ይቀየር።

የዓለም ጤና ድርጅት ለአዋቂ ሰው በሳምንት ቢያንስ 150 ደቂቃ መካከለኛ እንቅስቃሴ ይመክራል። በቀን 30 ደቂቃ፣ በሳምንት አምስት ቀን ማለት ነው። ጀማሪ ከ10 ደቂቃ ተነሥታ ቀስ በቀስ ትጨምር።

እኚያ እናት ከወር በኋላ ለስኳራቸው መድኃኒት ሲመጡ «አሁንስ?» አልኳቸው። «ልኬን ለእህቴ ልኬላት ከጅዳ መጣልኝ፤ ዛሬ ሃያ ደቂቃ ሠራሁ» አሉኝ፤ ይህን ጊዜ ድምፃቸውን ዝቅ አላደረጉም። ባሎችና ወንድ ልጆችም ይህን ካነበባችሁ፣ ብስክሌቱን ብቻ ሳይሆን ቁምጣውንም ግዙላቸው።

አላህ ሰውነታችንን በጤና ያቆይልን። ወሰላሙ ዐለይኩም።