ኦፒየም የቀሰቀሰው ጦርነት

በታሪክ ክፍለ ጊዜ ከእናንተ አንዱ «ቻይና በገዛ አገሯ መርዝ ብትከለክል እንግሊዝ ለምን ወጋቻት?» ብሎ ጠይቆኝ መልሱን ሳልጨርስ ደወል ተደወለ። እነሆ ቀሪው፤ ወላጆችም አብራችሁ አንብቡት።

ነገሩ የጀመረው ከሻይ ነው። እንግሊዞች የቻይናን ሻይ እጅግ ወደዱ። ቻይና ግን ከእነሱ ዕቃ ብዙም የምትሻው ስላልነበራት የሚከፍሉት በብር ነበር፤ ማዕድኑን ማለቴ ነው። ብራቸው እንዳያልቅ ነጋዴዎቻቸው በሕንድ የሚመረተውን ኦፒየም፣ የሚጨስ አደንዛዥ ዕፅ፣ በኮንትሮባንድ ወደ ቻይና ያስገቡ ጀመር። ሱሰኛው በዛ፤ ብሩም በተራው ከቻይና ይወጣ ጀመር።

እ.ኤ.አ. በ1839 ንጉሠ ነገሥቱ ሊን ዘሹ የተባለ በጉቦ የማይታማ ሹም ወደ ካንቶን ወደብ ላኩ። ሊን የውጭ ነጋዴዎችን ሰፈር አስከብቦ ከ20,000 ሣጥን በላይ ኦፒየም ተረከበ። ብዙ ሰው አቃጠለው ይላል፤ አላቃጠለውም። ጉድጓድ አስቆፍሮ በውሃ፣ በጨውና በኖራ አሟሙቶ ወደ ባሕር ለቀቀው። ሥራው ሦስት ሳምንት ያህል ፈጀ።

ቋጠሮው እዚህ ላይ ነውና ልብ በሉ። ነጋዴዎቹ ኦፒየሙን የሰጡት በቀጥታ ለሊን አልነበረም። የእንግሊዝ የንግድ ተቆጣጣሪ ቻርልስ ኤልየት ለእርሱ እንዲያስረክቡና ዋጋውን መንግሥታቸው እንደሚከፍል ቃል ገባላቸው። በዚህ ቃል የነጋዴ ኪሣራ የመንግሥት ዕዳ ሆነ። ለንደን ደግሞ ከራሷ ካዝና መክፈል ስላልፈለገች ቻይና ትክፈል ብላ የጦር መርከቦች ላከች። የንግድ ነፃነትና የባንዲራ ክብር የሚሉት ምክንያቶችም ነበሩ፤ እኔ ግን ከሁሉ የሚከብደው ዕዳው ይመስለኛል።

እንግሊዞችም ሁሉ አልተስማሙም። እ.ኤ.አ. በ1840 ግላድስተን የተባለ ወጣት የፓርላማ አባል ጦርነቱ ፍትሕ የለውም ሲል ተከራከረ። መንግሥትን ለመውቀስ የቀረበው ሐሳብ የወደቀው በ9 ድምፅ ብቻ ነው፤ 271 ለ262።

የቻይና የእንጨት ጀልባዎች በእንፋሎት የሚሄደውን የብረት መርከብ ኔመሲስን ሊቋቋሙት አልቻሉም። እ.ኤ.አ. በ1842 በናንጂንግ በተፈረመው ውል ቻይና 21 ሚሊዮን የብር ዶላር ልትከፍል፣ አምስት ወደቦች ልትከፍት፣ የሆንግ ኮንግን ደሴት ልትሰጥ ተገደደች። ከገንዘቡ 6 ሚሊዮኑ የዚያ ወደ ባሕር የፈሰሰው ኦፒየም ዋጋ ነበር። የዕፁ ንግድ ይቁም የሚል ግን በውሉ ውስጥ አልተጻፈም፤ ንግዱም ቀጠለ።

ሊን ጦርነቱን አመጣህብን ተብሎ ከሹመቱ ተሽሮ ወደ ሩቅ ምዕራብ ጠረፍ ተጋዘ። ሆንግ ኮንግ ለቻይና የተመለሰችው እ.ኤ.አ. በ1997 ነው።