የታደሰ የቮልስ ሞተር፦ የዘይት ግፊቱ ጤናማ መሆኑን በምን እናውቃለን?

አዲስ አበባ ውስጥ ዛሬም ቮልስ የሚነዳ፣ ሞተሩን አስወርዶ የሚያሳድስም ሰው አለ። እድሳቱ ሲያልቅ ሞተሩ ይነሳል፣ ለሙከራ የታሰረው የግፊት ጌጅ 4 ባር አካባቢ ይወጣል፣ «ይኸው፣ እንደ አዲስ ሆነ» ይባላል፣ ሒሳብ ይከፈላል። ችግሩ ሞተሩ ገና ቀዝቃዛ ነው። በቀዝቃዛ ሞተር ላይ የተነበበ ግፊት ስለ እድሳቱ ጥራት የሚነግረን ነገር በጣም ትንሽ ነው።

ከፓምፑ እንጀምር። የዘይት ፓምፕ ግፊት አያመርትም፤ የሚያመርተው ፍሰት ነው። ቮልስ ላይ ሁለት ጥርሳም ጊሮች በዞሩ ቁጥር የተወሰነ ዘይት ይገፋሉ፣ በቃ። ግፊት የሚፈጠረው ያ ዘይት በጠባብ ክፍተቶች ለማለፍ ሲታገል ነው፤ የውሃ ጎማ አፉን በአውራ ጣት ስንይዘው እንደሚሆነው ማለት ነው። ክፍተቱ ከሰፋ ወይም ዘይቱ ከቀጠነ ግፊቱ ይወርዳል። ስለዚህ መርፌው የሚያነበው የዘይቱን ውፍረትና የሞተሩን ክፍተት አንድ ላይ ደባልቆ ነው።

ከቤሪንግና ከክራንክሻፍት መካከል የሚያመልጠው ዘይት ደግሞ የሚያድገው በክፍተቱ ኩብ ልክ ነው። የቮልስ ዋና ቤሪንጎች አዲስ ሲሆኑ ክፍተታቸው ከ0.04 እስከ 0.10 ሚሊሜትር ነው፤ የመጨረሻው ወሰን 0.18። ከ0.06 ወደ 0.12 ቢሰፋ (በዓይን የማይለይ ልዩነት ነው) ሌላው ሁሉ እኩል ሆኖ የሚያመልጠው ዘይት 8 እጥፍ ይሆናል። ታዲያ ይህን ጠዋት ላይ ለምን አናየውም? ተራ ኤስ.ኤ.ኢ. 30 ዘይት ከ40 ወደ 100 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሞቅ ውፍረቱ ወደ አንድ ዘጠነኛ ገደማ ስለሚወርድ ነው። ወፍራም ዘይት በሰፊ ክፍተትም ቢሆን በቀላሉ አያመልጥም። በቅዝቃዜ ያረጀውም የታደሰውም ሞተር መርፌውን ከፍ ያደርጉታል።

«አዲስ ቤሪንግ ገብቷል» የሚለውም ብቻውን አያሳምንም። የቮልስ የሞተር አካል የማግኒዚየም ቅይጥ ነው፤ ሲሞቅ ከብረቱ ክራንክሻፍት ከእጥፍ በላይ ይለጠጣል። ቤሪንጎቹ የሚቀመጡበት ቦታ ለዓመታት ተቀጥቅጦ ከሰፋና በቶርኖ በአንድ መስመር ካልተስተካከለ፣ ዘይቱ በአዲሱ ቤሪንግ ጀርባ በኩል ያመልጣል። ሞተሩ ሲቀዘቅዝ ጥብቅ፣ ሲሞቅ ልቅ። እኔ እንደሚመስለኝ መካኒኩ ከሁሉ በፊት መጠየቅ ያለበት ይሄን ነው፦ መቀመጫዎቹ ተለክተዋል ወይ?

ግፊቱ ከፍ ባለ ቁጥር ይሻላል ማለትስ ነው? አይደለም። በ1883 እ.ኤ.አ. ቦሻምፕ ታወር የተባለ እንግሊዛዊ መሐንዲስ የባቡር አክስል ቤሪንግ ሲሞክር አናቱ ላይ ቀዳዳ በሳ። ዘይቱ በቀዳዳው ሽቅብ ወጣ። በእንጨት ቢወትፈው ውታፉን ገፍቶ ጣለው። ጌጅ ሲያስርበት ከቤሪንጉ አማካይ ጭነት እጅግ የሚበልጥ ግፊት አገኘ። በ1886 ኦዝቦርን ሬይኖልድስ ምክንያቱን በሒሳብ አብራራው፦ የሚሽከረከረው ዘንግ ራሱ ዘይቱን እየሳበ ጠባቡ ቦታ ውስጥ ይወሽቀዋል፣ ዘንጉንም የሚሸከመው በዚያ የሚፈጠረው ግፊት ነው። የእኛ ፓምፕ ሥራ ቤሪንጉ ዘይት እንዳያጣ ማቀበል ነው። ስለዚህ መርፌውን ከፍ ለማድረግ 20 ደብሊው 50 መሙላት ወይም ትልቅ ፓምፕ መግጠም ጥገና አይባልም። ሰፊው ክፍተት እዚያው አለ፤ ብሶም ቀዝቃዛ ወፍራም ዘይት የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ ከፍቶ ማቀዝቀዣውን ሳያገኝ ወደ ሞተሩ ሆድ ይመለሳል።

በዳሽቦርዱ መብራት አትተማመኑ። ከ0.5 ባር በታች ባለ ግፊት ስለሚጠፋ የሚነግራችሁ ግፊቱ ዜሮ አለመሆኑን ብቻ ነው። የመብራቱን ስዊች አስፈትታችሁ በቦታው ሜካኒካል ጌጅ አሳስሩ፤ ኤስ.ኤ.ኢ. 30 ተሞልቶ፣ መኪናው ተነድቶ፣ የዘይቱ ሙቀት 70 ዲግሪ ሲደርስ በደቂቃ 2500 ዙር ላይ አንብቡ። ቮልክስዋገን የሚጠብቀው 3 ባር ገደማ ነው፤ ከ2 ባር ካነሰ ሞተሩ አልቋል ይላል። ለእያንዳንዱ 1000 ዙር 10 ፒ.ኤስ.አይ. ይበቃል የሚለው የታወቀ ደንብ እዚህ ላይ 25 ፒ.ኤስ.አይ. ማለትም 1.7 ባር ይሰጣል፤ ፋብሪካው የሚጥለውን ሞተር ያሳልፋል ማለት ነው። በአንጻሩ ሞቆ ሚኒሞ ላይ ወደ ግማሽ ባር ቢወርድ አትደንግጡ።

የአዲስ አበባ ከፍታ ጌጁን አያሳስትም፤ ጌጅ የሚለካው ከአካባቢው አየር በላይ ያለውን ነው። ግን አየሩ ከባህር ጠለል አንጻር ሩብ ያህል ስስ ስለሆነ ማራገቢያው የሚያቀርበው የማቀዝቀዣ አየርም ያንሳል፣ ዘይቱ ይበልጥ ይሞቃል። ቴርሞሜትር የሌለበት ንባብ ለዚህም ነው ግማሽ መረጃ የሚሆነው።

ንባቡ ቢያንስ ወዲያው ሞተር አታስወርዱ። መጀመሪያ ሌላ ጌጅ ሞክሩ። ቀጥሎ ከታች በኩል የግፊት መቆጣጠሪያውን ቫልቭ አስፈቱ፦ ፒስተኑ ተከፍቶ ከተጣበቀ ጤነኛ ሞተርም ግፊት ያጣል፤ ማጽዳቱ ብዙ ጊዜ አይፈጅም። ፓምፑም ከክዳኑ ጋር ያለው ክፍተት ይለካ። እነዚህ ሁሉ ደህና ሆነው ሞቅ ሲል መርፌው ከወረደ ግን ጉዳዩ የቤሪንግና የመቀመጫዎቹ ነው፣ ሞተሩም ወደ አሳዳሹ ይመለሳል።