የበዓል ተረኝነትና የሠራተኛ ደኅንነት

የኢትዮጵያ የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 በሕዝብ በዓል ቀን የሚሠራ ሠራተኛ ለእያንዳንዱ ሰዓት የመደበኛ ክፍያውን እጥፍ እንዲያገኝ ይደነግጋል። ክፍያው ተገቢ ቢሆንም ብቻውን በቂ አይደለም። የሕክምና ሶሺዮሎጂ ምሁሩ ዮሐንስ ዚግሪስት እ.ኤ.አ. በ1996 ባቀረቡት ንድፈ ሐሳብ መሠረት፣ የሥራ ጥረት በክፍያ፣ በአክብሮት እንዲሁም በዕድገትና በሥራ ዋስትና ካልተካካሰ ጤናን የሚጎዳ ውጥረት ያስከትላል። ከዚህ አንጻር ለሁሉም እኩል የሚታደል የበዓል ስጦታ፣ በየዓመቱ ፋሲካን በሥራ ላይ የሚያሳልፈውን የሆቴል አስተናጋጅ ድካም ለይቶ አያውቅለትም። ተረኝነቱ አስቀድሞ ሲነገረው፣ ለሁሉም በተራ ሲዳረስና ምስጋናው የሠራውን ለይቶ ሲጠቅስ ግን ክብሩ ይጠበቃል። ክርስቲያንና ሙስሊም ባልደረቦች በፋሲካና በዒድ መተካካታቸውም የሚበጀው በፈቃዳቸው ሲሆን ነው፤ አሠሪው በራሱ ግምት ከደለደላቸው መተሳሰቡ ወደ ግዴታ ይለወጣል።