«የሰው ሀብት»ና ዘመዶቹ፤ ስለ ሠራተኛ አስተዳደር ሙያ ቃላት

የሙያ ቃላትን ማጥናት ሲነሣ ቀድሞ የሚታሰበው የሕክምናው፣ የኬሚስትሪው ወይም የምሕንድስናው ቃል ነው። የመሥሪያ ቤት ቃል በየቀኑ በደብዳቤ ስለሚወጣና ስለሚገባ ሁሉም የሚያውቀው ይመስላል፤ በዚህም ምክንያት ብዙ ጊዜ ሳይመረመር ይታለፋል። እነሆ በዚህ ጽሑፍ የምንመለከተው ከዚሁ ወገን የሆኑትን፣ ሠራተኛን የመቅጠር፣ የመመደብና የማሰናበት ሥራ የሚነገርባቸውን ቃላት ነው።

ከአዲስ አበባ ወደ ደሴ የሚወስደው መንገድ ከሚሴን ካለፈ በኋላ በሐርቡ በኩል አድርጎ ኮምቦልቻ ይገባል፤ ከዚያም የደሴን ዳገት ይያያዛል። ኮምቦልቻ የጨርቃ ጨርቅ፣ የብረታ ብረትና የቢራ ፋብሪካዎች ያሉባት ከተማ ናት፤ በሐምሌ 2009 ዓ.ም. ደግሞ የኢንዱስትሪ ፓርኳ ተመርቋል። ከሐርቡ አካባቢ ገበሬ ቤት ወጥቶ በፋብሪካ የሚቀጠር ወጣት ምናልባት በሕይወቱ የመጀመሪያ የሆነውን ፊርማውን የሚያኖረው በሥራ ውል ላይ ነው። ሐርቡ ከኦሮሞ ብሔረሰብ ዞን ጋር የምትጎራበት ስለሆነች፣ ፈራሚው በቤቱ የሚናገረው ኦሮምኛ፣ ውሉን የሚያነበው ግን በአማርኛ ሊሆን ይችላል። ውሉን አዘጋጅቶ የሚያቀርብለት፣ ኋላም የዕድገቱን፣ የዝውውሩን፣ የስንብቱን ደብዳቤ የሚጽፍለት «የሰው ሀብት» በሚባለው ክፍል የሚሠራ ባለሙያ ነው። እነዚህ ሁለት ሰዎች ፊት ለፊት የሚገናኙት ከስንት አንድ ጊዜ ነው፤ ዘወትር የሚያገናኛቸው ወረቀት ነው።

በዚህ ሙያ የተሠማሩ ሰዎች በየአካባቢያቸው በማኅበር ሲደራጁ የሚያከናውኗቸው ተግባራት የታወቁ ናቸው። አዲስ ዐዋጅ ሲወጣ ተሰብስበው ይወያዩበታል፤ ለጀማሪዎች ሥልጠና ይሰጣሉ፤ ልምድ ይለዋወጣሉ። በእኛ አስተያየት ከእነዚህ ሁሉ የሚቀድም አንድ ሥራ አለ፤ ይኸውም አባላቱ በደብዳቤዎቻቸው የሚጠቀሙባቸውን ቃላት መርምሮ ስምምነት ላይ መድረስ ነው።

የሙያው ስም ራሱ ለዚህ ጥሩ ምስክር ነው። በእንግሊዝ አገር ዛሬ የዚህ ሙያ ትልቁ ማኅበር የሆነው ድርጅት በ1913 እ.ኤ.አ. በዮርክ ከተማ ሲመሠረት አባላቱ በየፋብሪካው የሠራተኛውን ጤናና ኑሮ የሚከታተሉ ሰዎች ነበሩ፤ ስሙም ይህንኑ የሚገልጽ ነበር። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ ስሙ ወደ «ሠራተኛ አስተዳደር» ዞረ። በአሜሪካ አገር በ1948 እ.ኤ.አ. «የሠራተኛ አስተዳደር» ማኅበር ተብሎ የተቋቋመው ደግሞ በ1989 እ.ኤ.አ. ስሙን ለውጦ «የሰው ሀብት» የሚለውን ያዘ። በእኛም አገር ነገሩ ከዚህ ብዙ አልራቀም። የመንግሥት ሠራተኞችን አስተዳደር በአንድ ሥርዐት የሚመራ ማእከላዊ መሥሪያ ቤት በ1950ዎቹ ዓመታት ሲቋቋም ቁልፉ ቃል «ሠራተኛ» ነበር፤ በዕቅድና በልማት ቋንቋ «የሰው ኀይል» ተከተለ፤ በ2008 ዓ.ም. «የፐብሊክ ሰርቪስና የሰው ሀብት ልማት ሚኒስቴር» የሚል ስም እስከ ሚኒስቴር ደረጃ ወጣ። በ2011 ዓ.ም. መሥሪያ ቤቱ ሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ሲባል «የሰው ሀብት» ከስሙ ቀረ፤ ከየመሥሪያ ቤቱ በር ላይ ግን አልወረደም።

ሦስቱ ስሞች አንድ ነገር አይናገሩም። «ሠራተኛ» ሰውየውን በሥራው ይጠራዋል፤ መብትም ግዴታም ያለበት ሰው መሆኑ ከቃሉ ይሰማል። «የሰው ኀይል» የቆጠራ ቃል ነው፤ ስንት ሰው አለ፣ ስንት ይጎድላል ለሚል ጥያቄ ይመቻል። «ኀይል» በአማርኛ ለጦርም፣ ለውሃም፣ ለመብራትም የሚነገር በመሆኑ፣ ሰው ከእነዚህ ጋር በአንድ መደብ ሲሰለፍ ለጆሮ እንግዳ አይሆንም። ስለዚህ በዕቅድ ሰነድ ውስጥ ቃሉ በቦታው ነው፤ ለአንድ ግለሰብ በሚጻፍ ደብዳቤ ላይ ግን ቦታ የለውም።

«የሰው ሀብት» ሰፋ ያለ ማብራሪያ ያሻዋል። «ሀብት» የግእዝ ቃል ሲሆን «ወሀበ» (ሰጠ) ከሚለው ግሥ የወጣ ነው፤ ጥንተ ትርጉሙም ስጦታ ማለት ነው። ሀብተ ማርያም፣ ሀብተ ሥላሴ በሚሉት ስሞች ውስጥ ይህ ትርጉም እስከ ዛሬ አለ። ወደ ገንዘብና ንብረት የዞረው በአማርኛ ነው። ጥንተ ነገሩን ይዘን ብንሄድ «የሰው ሀብት» ማለት ሰው ይዞት የመጣው ስጦታ፣ ዕውቀቱና ችሎታው ማለት በሆነ ነበር፤ ከውጭው ቃል ይልቅ የእኛው የተሻለ ሐሳብ ይይዛል። እክሉ ያለው በ«ሀብት» ሳይሆን «የሰው» በሚለው ላይ ነው። በዕለታዊ አማርኛ «የሰው ገንዘብ»፣ «የሰው ቤት»፣ «የሰው አገር» ሲባል የሌላ ሰው፣ የባዕድ ማለት ነው። እናት ልጇን «የሰው ሀብት አትንካ» ብትለው ስለ ሠራተኛ አስተዳደር እየመከረችው አይደለም። ስለዚህ «የሰው ሀብት አስተዳደር» የሚለውን ሰሌዳ መጀመሪያ የሚያነብ ገበሬ የሌላ ሰው ንብረት የሚጠበቅበት ክፍል መስሎት ቢያልፍ አይፈረድበትም።

አንዳንዶች ይህን ለማስወገድ «ሰብአዊ ሀብት» ይላሉ። ከሰዋስው አንጻር ስሕተት የለበትም። ነገር ግን «ሰብአዊ» ከ«ሰብአዊ መብት»ና ከ«ሰብአዊ ርዳታ» ጋር እየተጣመረ የርኅራኄን ትርጉም ስለያዘ፣ ሰውን ከሥራው በሚያሰናብት ክፍል በር ላይ ሲጻፍ ምጸት ይመስላል። እኛ የምንመርጠው መካከለኛውን መንገድ ነው። «የሰው ሀብት» በሕግና በትምህርት ውስጥ ስለ ረጋ በመሥሪያ ቤትና በሙያ ስምነት ይቆይ፤ ለሠራተኛው በሚጻፈው ደብዳቤ አካል ውስጥ ግን «ሠራተኛ» ይባል። ዐዋጆቻችንም በአመዛኙ የሚሉት ይህንኑ ነው፤ «የአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ» ይላሉ እንጂ ስለ ሀብት አያነሡም።

ከዚህ ላይ «ማኅበር» ስለሚለውም ጥቂት ማለት ያስፈልጋል። በዚህ አካባቢ ማኅበር ሲባል ለክርስቲያኑ በየወሩ በቅዱሱ ቀን የሚጠጣው ጽዋ ይመጣበታል። ሙስሊሙንና ክርስቲያኑን በአንድነት የሚያሰባስበው ቀብርና ኀዘን ሲሆን፣ በሸዋ ዕድር የሚባለው ይህ ድርጅት በወሎ «ቅሬ» ይባላል። ለፋብሪካ ሠራተኛ ደግሞ ማኅበር ማለት ስለ ደመወዙና ስለ መብቱ ከአሠሪው ጋር የሚደራደርለት የሠራተኞች ማኅበር ነው። የሰው ሀብት ባለሙያዎች የሚመሠርቱት ከእነዚህ ሁሉ የተለየ የሙያ ማኅበር ነው፤ የሚመዘገበውም በሲቪል ማኅበረሰብ ድርጅቶች ዐዋጅ ቁጥር 1113/2011 መሠረት እንጂ በአሠሪና ሠራተኛ ጉዳይ ዐዋጅ አይደለም። ልዩነቱ የስም ብቻ አይደለም። ሠራተኛን ለመቅጠር፣ ለማዛወር ወይም ለማሰናበት ሥልጣን የተሰጠው ሰው በዐዋጅ ቁጥር 1156/2011 አነጋገር «የሥራ መሪ» ነው፤ ዐዋጁም በሥራ መሪ ላይ ተፈጻሚ አይሆንም። እንግዲህ የሰው ሀብት ኀላፊው ራሱ ደመወዝተኛ ሆኖ ሳለ፣ በየቀኑ ለሌሎች የሚጠቅሰው ሕግ እርሱን አይሸፍነውም። ስለዚህ «የሰው ሀብት ሠራተኞች ማኅበር» ብሎ ከመሰየም «የሰው ሀብት ባለሙያዎች የሙያ ማኅበር» ማለቱ፣ «ሙያ» ሁለት ጊዜ ቢመጣም፣ ከክርክር ያድናል።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ፣ የሥራ ግንኙነት ማብቃትን ወደሚገልጹት ቃላት እንለፍ። በተለምዶ ንግግር «ተሰናበተ»፣ «ተባረረ»፣ «ተቀነሰ»፣ «ታገደ»፣ «ለቀቀ» ተቀራራቢ ናቸው፤ ሁሉም ሰውየው ነገ ፋብሪካው በር ላይ አለመታየቱን ይናገራሉ። በሕግ ፊት ግን እያንዳንዱ ቃል የተለየ ዋጋ አለው።

«ቅነሳ» በዐዋጁ የተወሰነ ትርጉም አለው፤ ከሠራተኞቹ ቢያንስ ከመቶ ዐሥሩን፣ ወይም የሠራተኛው ቍጥር ከ20 እስከ 50 በሆነበት ድርጅት ቢያንስ አምስት ሰዎችን የሚመለከት ማሰናበት ነው። በቅነሳ የሚሄድ ሠራተኛ ማስጠንቀቂያ ይሰጠዋል፤ ለመጀመሪያው የአገልግሎት ዓመት የ30 ቀን ደመወዝ፣ ለተከታዮቹ ለእያንዳንዳቸው የዚህ አንድ ሦስተኛ እየታሰበ የሥራ ስንብት ክፍያ ያገኛል፤ በዚህ ላይ የ60 ቀን ደመወዝ ይጨመርለታል። በጥፋት ያለ ማስጠንቀቂያ የተሰናበተው ይህን አያገኝም። «በገዛ ፈቃዱ ለቀቀ» የተባለውም የስንብት ክፍያ የሚያገኘው በጠባብ ሁኔታዎች ብቻ ነው። እንግዲህ ደብዳቤ ጻፊው በግዴለሽነት «ከሥራ ለቀዋል» ብሎ የጻፈለት፣ በእውነቱ ግን የተቀነሰ ሠራተኛ፣ በአንድ ግሥ ምክንያት የወራት ደመወዝ ሊያጣ ይችላል።

ከሁሉ ይልቅ የሚያደናግረው «ታገደ» ነው፤ በአንድ ሕግ ውስጥ በሦስት ስፍራ በሦስት ትርጉም ይውላል። አንደኛ፣ በጥፋት የተጠረጠረ ሠራተኛ ነገሩ እስኪጣራ ከሥራ ይታገዳል። ሁለተኛ፣ ከዐቅም በላይ በሆነ ምክንያት ድርጅቱ ሥራ ሲያቆም ከውሉ የሚመነጩ መብቶችና ግዴታዎች ለጊዜው ይታገዳሉ፤ ውሉ ራሱ ግን ሕያው ነው። ሦስተኛ፣ ጊዜው ያለፈበት ክስ በይርጋ ይታገዳል። «ይርጋ» ራሱ «ረጋ» ከሚለው የወጣ ጥሩ የአማርኛ ቃል ነው፤ ነገሩ ይርጋ፣ ከእንግዲህ አይነካ እንደ ማለት ነው።

ይህ የመዝገበ ቃላት ጨዋታ እንዳይመስል አንድ የቅርብ ጊዜ ነገር እናስታውሳለን። በጥቅምት 2014 ዓ.ም. ሁለተኛ አጋማሽ ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ ፋብሪካዎች ቆሙ፤ ሠራተኛውም ተበተነ። በዚያው ዓመት ታኅሣሥ ደግሞ ኢትዮጵያ በአጎዋ ወደ አሜሪካ ያለ ቀረጥ ዕቃ የመላክ ዕድሏን ስላጣች፣ ለውጭ ገበያ የሚያመርቱ ድርጅቶች ሌላ ችግር ገጠማቸው። በእንዲህ ያለ ጊዜ አንድ ሠራተኛ ከስደት ተመልሶ ከድርጅቱ በር ላይ «ሥራ ታግዷል» የሚል ማስታወቂያ ቢያነብ ምን ይረዳ? ውሉ ለጊዜው ከታገደ ሥራው ሲጀመር የሚመለስበት ቦታ አለው። ውሉ ከተቋረጠ ግን ወደ ሥራ ልመለስ ብሎ የሚያቀርበው ክስ በሦስት ወር በይርጋ ስለሚታገድ፣ ጊዜው መቆጠር ጀምሯል። በመጀመሪያው ትርጉም ተረድቶ በትዕግሥት የሚጠብቅ ሰው፣ ነገሩ ሁለተኛው ከሆነ፣ መብቱ የሚያልፈው በትዕግሥቱ ምክንያት ነው።

ስለዚህ የምናቀርበው ሐሳብ የሚከተለው ነው። ለዲሲፕሊኑ «ከሥራ ታግዶ መቆየት»፣ ለድርጅቱ መቆም «የሥራ ውል ለጊዜው መታገድ» ይባል፤ በሁለተኛው ውስጥ «ለጊዜው» የሚለው ፈጽሞ አይቅር፤ እስከ መቼ እንደሆነም በቀን ይጻፍ። ውሉ ካበቃ «ተቋርጧል» ይባል፤ በማን አነሣሽነትና በየትኛው አንቀጽ እንደሆነም በዚያው ዐረፍተ ነገር ይገለጽ። «ተባረረ» የስድብ ጠረን ስላለው ከደብዳቤ ይውጣ። «ተሰናበተ» መልካም ቃል ነው፤ እንግዳም ሲሄድ ተሰናብቶ ነው፤ ነገር ግን ብቻውን ምክንያቱን ስለማይናገር ማብራሪያ ሳይከተለው አይጻፍ።

ከቀሩት ቃላት ስለ «ደመወዝ» ብዙ የምንለው የለንም፤ ሕዝቡ «ደም»ና «ወዝ» ብሎ ይተነትነዋል፤ ትንታኔው ለሰሚው ጣፋጭ ስለሆነ የሚቃወመው አይገኝም። በአብዮቱ ዘመን «ወዛደር»ና «ላብ አደር» የተፈጠሩት በዚሁ መንፈስ ሲሆን፣ ዛሬ ከአዛውንቶች አንደበት በቀር ብዙም አይሰሙም። «ቅጥረኛ» ግን ዕድሉ ጠሞበታል፤ «ቅጥር»ና «ተቀጣሪ» ንጹሕ ሆነው ሳለ እርሱ ወደ ከሐዲነት ትርጉም ስላዘነበለ በውል ውስጥ እንዳይገባ እንመክራለን።

«ምልመላ» የሚለውን ደግሞ እንደግፋለን። «መለመለ» ማለት ከበትር ወይም ከቅርንጫፍ ላይ ቅጠሉንና ጕጡን ገፎ ማስተካከል ነው፤ ከብዙ እንጨት ለሥራ የሚሆነውን ለይቶ የማዘጋጀት ሐሳብ አለው። ሆኖም ምልመላ አመልካቾችን ከመጥራት እስከ መለየት ያለው ሥራ ነው፤ «ቅጥር» የሚባለው ውል ሲፈረም ብቻ ነው። «ተመልምለዋል» የሚል ወረቀት ይዞ ከሐርቡ ኮምቦልቻ የሚሄድ ወጣት ገና አልተቀጠረም፤ ወረቀቱን የሚጽፈው ባለሙያም ይህንኑ በግልጽ አማርኛ ከሥሩ ሊጨምርለት ይገባል።