ለአሶሳ መንገድ የሚበቃ የፒክአፕ ከፍታ

ከአዲስ አበባ ተነሥቶ በነቀምት፣ በጊምቢ፣ በነጆ፣ በመንዲና በባምባሲ አልፎ አሶሳ የሚደርሰው መንገድ ርዝመቱ ከ650 ኪሎ ሜትር ይበልጣል። የቤኒሻንጉል ጉሙዝ ነጋዴ ግን ዋናው ጭንቀቱ የሚጀምረው ይህ ረጅም ጎዳና ካለቀ በኋላ ነው። ሰሊጡ፣ አኩሪ አተሩና ለውዙ የሚሰበሰበው፣ ወርቁም የሚወጣው ከጎዳናው ተገንጥለው ወደ መንጌ፣ ወደ ሸርቆሌና ወደ ኩርሙክ በሚዘልቁት የገጠር መንገዶች ግራና ቀኝ ነውና። ዝናቡ ከግንቦት ጀምሮ እስከ ጥቅምት በሚወርድባቸው ወራት እነዚህ መንገዶች በከባድ መኪና ጎማ ይታረሳሉ፤ ግራና ቀኙ ሲጎደጉድ መካከሉ ጎብጦ ይቀራል፤ ዝቅ ያለው ፒክአፕም ሆዱን መሬት ላይ እየጎተተ ይሄዳል።

ከዚህም የተነሣ ብዙ ባለመኪኖች በገበያ ሊፍት ኪት የሚባለውን የከፍታ መጨመሪያ ዕቃ ገዝተው ማስገጠም ይሻሉ። ምኞታቸው ተገቢ ነው፤ ስሕተቱ የሚመጣው ከጭነቱ አስቀድመው ከፍታውን የመረጡ እንደ ሆነ ነው። የቀድሞው ሲራራ ነጋዴ ጭነቱን በፈረሱላ መዝኖ፣ ግራና ቀኙን አስተካክሎ ካልሆነ በበቅሎው ላይ አይጭንም ነበር፤ የዛሬው የፒክአፕ ባለቤትም ወደ ሱቅ ከመሄዱ በፊት ሚዛን ላይ መውጣት ይገባዋል።

ገበያ ላይ በብዛት የሚገኘው ባለ ሁለት ረድፍ ወንበር ፒክአፕ እንዲሸከም የተፈቀደለት 1 ቶን ያህል፣ ማለትም 10 ኩንታል ነው። ይህ 10 ኩንታል ግን የሸቀጥ ብቻ አይደለም። አምስት ሰዎች ቢሳፈሩበት 3 ኩንታል ተኩል ያህል ይወስዳሉ፤ የግንባር መከላከያ ብረት፣ የጣራ መደርደሪያ፣ ሁለተኛ ትርፍ ጎማና የመጠባበቂያ ነዳጅ ተደምረው ሌላ 1 ኩንታል ተኩል ቢመዝኑ ለሰሊጡ የሚተርፈው 5 ኩንታል ብቻ ይሆናል። ሊፍት ኪት መግጠም ይህን ቁጥር ከፍ አያደርገውም፤ ሻንሲው፣ ፍሬኑና የኋላው አክስል የነበሩት ናቸውና። መኪናው ከፍ ብሎ ስለ ታየ 12 ኩንታል የሚጭንበት ሰው ባሌስትራውን ሳይሆን ሻንሲውን እንደሚሰብር ይወቅ።

የታወቁ የሞላና የባሌስትራ አምራቾች ዕቃቸውን የሚከፍሉት በከፍታ ብቻ ሳይሆን በቋሚ ጭነት ነው፤ አንዱ ባዶ ወይም ቀላል ለሚሄድ፣ ሁለተኛው ዘወትር 3 ኩንታል ገደማ ለሚሸከም፣ ሦስተኛው ዘወትር 5 ኩንታል ገደማ ለሚሸከም መኪና ይሠራል። ከአሶሳ ጨው፣ ስኳርና ሳሙና ጭኖ ወጥቶ እህል ጭኖ የሚመለስ ነጋዴ ሦስተኛውን ቢመርጥ ያዋጣዋል። ባዶውን ወጥቶ በመልስ ብቻ የሚጭን ግን መካከለኛው ይበቃዋል፤ ጠንካራው ባሌስትራ ባዶ መኪና ላይ ሲገጠም የኋላው ጎማ ኮረኮንች ላይ እየዘለለ መሬቱን ይለቃል፤ መንገደኛውም ሆነ ዕቃው ይንገላታል። ለስላሳው ከባድ ጭነት ሲያርፍበት ደግሞ የኋላው ይቀመጣል፣ መብራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ የፊቱም ጎማ ቀልሎ መሪው ይሰንፋል።

ከፍታውን በተመለከተ ከ4 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ለዚህ አገር መንገድ ይበቃል። ከ2005 እ.ኤ.አ. ወዲህ የተሠራው ቶዮታ ሃይሉክስ፣ እንዲሁም በዘመኑ ያሉት አብዛኞቹ ፒክአፖች፣ የፊት እግራቸው ለየብቻው የሚንቀሳቀስና በሞላ ላይ የቆመ ነው። ከ5 ሳንቲ ሜትር በላይ ሲነሡ የፊት ጎማዎችን የሚያዞሩት አጫጭር ዘንጎች ከልክ በላይ ይቆለመማሉ፤ መገጣጠሚያቸውን የሚሸፍነው ላስቲክ ይቀደዳል፣ ጭቃ ይገባል፣ ከዚያም መገጣጠሚያው ያልቃል። በአውስትራሊያም፣ የዚህ ዕቃ ንግድ በሰፊው በሚካሄድበት አገር፣ ብሔራዊው የተሽከርካሪ ማሻሻያ መመሪያ በአብዛኛው ያለ መሐንዲስ ማረጋገጫ የሚፈቅደው የእግር ከፍታ 50 ሚሊ ሜትር መሆኑ ያለ ምክንያት አይደለም። በተጨማሪም በዚህ አገር ከጭነት በላይ ሰው የማሳፈር መጥፎ ልማድ አለ፤ መኪናው በጨመረ ቁጥር ክብደቱ ሽቅብ ስለሚወጣ፣ በጠመዝማዛና በሚያንሸራትት ቁልቁለት ላይ የመገልበጡ አደጋ ያን ያህል ይብሳል።

ገዢው ሌላም ሊያውቀው የሚገባ ነገር አለ። ሞላና ባሌስትራ ከፍ የሚያደርጉት አካሉንና ሻንሲውን ነው፤ በኋላ በኩል የሚንጠለጠለው የዲፈረንሻል እብጠት ግን ከመሬት ያለው ርቀት ቅንጣት አይጨምርም። እርሱን የሚያነሣው ትልቅ ጎማ ብቻ ነው፤ ይህም ቢሆን በእኩሌታ ሲሆን፣ የጎማው ቁመት 5 ሳንቲ ሜትር ቢጨምር አክስሉ የሚነሣው 2 ሳንቲ ሜትር ተኩል ነው።

በርካሽ የሚሠሩት ዘዴዎች ብዙ ናቸው። በአክስሉና በባሌስትራው መካከል ድፍን ብረት ማስገባት፣ ባሌስትራውን የሚያንጠለጥለውን ማያያዣ ማርዘም፣ ከአሮጌ የጭነት መኪና የተወሰደ ብረት በባሌስትራው ላይ መደረብ፣ በፊት ሞላ ላይ ቀለበት ማስቀመጥ በየጋራዡ ይታያሉ። ቀጭን ቀለበት ለቀላል ሥራ ሊያገለግል ይችላል፤ በአክስሉ ላይ የሚቀመጠው ድፍን ብረት ግን መኪናው በጭቃ ውስጥ ሲታገል ባሌስትራውን ይጠመዝዘዋል፤ ጭነት ለሚያመላልስ ነጋዴ አይመከርም። ሞላና ባሌስትራ ሲለወጡ ሾክ አብዞርበሮቹም ለአዲሱ ቁመት በተሠሩ አብረው መለወጥ አለባቸው፤ አጭሩ አሮጌ ሾክ አብዞርበር ጎማው ጉድጓድ ሲገባ እስከ መጨረሻው ተስቦ ይበጠሳል።

ሥራው ከተፈጸመ በኋላ የፊት ጎማዎች አላይመንት ካልተስተካከለ አዲስ ጎማ በጥቂት ወራት ውስጥ በአንድ ጎኑ ተበልቶ ያልቃል። የፍሬን ዘይት የሚያሳልፈው ላስቲክ እግሩ ተንጠልጥሎ ሳለ እንዳይወጠር መታየት አለበት። ከሁሉም ይልቅ የሚዘነጋው በብዙ ሃይሉክሶች ከኋላው አክስል ጋር የተያያዘው፣ የኋላውን ፍሬን ኀይል በጭነቱ ልክ የሚመጥነው ቫልቭ ነው። ሻንሲው ሲነሣ ቫልቩ መኪናው ባዶ የሆነ ይመስለዋል፤ ስለዚህ ሙሉ ጭነት ተሸክሞ ቁልቁለት ሲወርድ የኋላውን ፍሬን ያደክመዋል። ማስተካከሉ የጥቂት ደቂቃ ሥራ ሲሆን አለማስተካከሉ ግን ነፍስ ያጠፋል። የፊት መብራቶቹም ዝቅ እንዲሉ ይደረጉ፤ የባሌስትራው ማሰሪያ ቡሎኖች ከ1,000 ኪሎ ሜትር ጉዞ በኋላ እንደገና ይጠበቁ።

ይህ ጉዳይ አስመጪዎችንም በቅርብ ይመለከታል። በ2016 ዓ.ም. በነዳጅ የሚሠሩ አውቶሞቢሎች ወደ አገር እንዳይገቡ ከተከለከለ ወዲህ ያለውን መኪና አጠንክሮ ማቆየት የባለመኪናው ሁሉ ሐሳብ ሆኗል፤ በዚያው ዓመት ሐምሌ 22 ቀን የውጭ ምንዛሪ ተመን ለገበያ ከተለቀቀ በኋላ ደግሞ ከውጭ የሚመጣ ባሌስትራ በብር ሲተመን እጅግ ተወድዷል። በውድ የተገዛ የተሳሳተ ዕቃ መደርደሪያ ላይ የሚያረጅ ገንዘብ ነው። ስለዚህ ለምዕራቡ ክፍል ዕቃ የሚያዝዝ አስመጪ የ10 ሳንቲ ሜትር ማሳያ ዕቃ ትቶ፣ የ4 እና የ5 ሳንቲ ሜትሩን በሁለቱ የጭነት ደረጃዎች፣ በመኪናው ዓይነትና በሥራ ዘመኑ ለይቶ ቢያስመጣ ይሻለዋል። የላስቲክ ቡሾችንና የማሰሪያ ቡሎኖችን ለብቻቸው ማስመጣትም አይዘንጋ፤ መርካቶ ሶማሌ ተራ ያለ ባለመኪና የጎደለውን በዕለቱ ሲያገኝ፣ የአሶሳው ግን ለአንዲት ቡሽ መኪናውን አቁሞ ይጠብቃል። የነቀምትና የአሶሳ መንገድ በቅርብ ዓመታት በጸጥታ መታወክ ምክንያት ደጋግሞ ተቋርጦ ስለ ነበረ፣ መጠበቁ ሳምንታት የፈጀበት ጊዜም አለ።

የአሶሳ ባለሱቆች ትእዛዛቸውን እስከ ጥር መጨረሻ ለአዲስ አበባ አስመጪዎች ቢያደርሱ፣ በጅቡቲ በኩል የሚመጣው ዕቃ የግንቦት ዝናብ ሳይጀምር ተገጥሞና ቡሎኑ ዳግመኛ ጠብቆ ለመገኘት ጊዜ ይኖረዋል።