የጥንቱን የብረት አጥር በአዲስ ብረት ስለ መመለስ

(በሬድዮ ከተሰሙት ንግግሮች)



በአያቶቻችን ዘመን የተሠራ የሰገነት ወይም የቅጥር ብረት በዝገት ተበልቶ ሲወዛወዝ ያየ ሰው ብዙ ጊዜ ነቅሎ በቁርጥራጭ ብረት ዋጋ ይሸጠዋል፤ በምትኩም የቱቦላሬ አጥር ያቆማል። ዳሩ ግን ካልተጠነቀቁለት አዲሱ ካሮጌው ፈጥኖ ይወድቃል። ይህ ስለ ምን ይሆናል?

ዝገት የሚወለደው ብረት፥ ውሃና አየር ሲገናኙ ነው። ከባሕር ወለል ከ2400 ሜትር በላይ በሆነችው በደብረ ማርቆስ ዝናቡ ከሰኔ እስከ መስከረም ስለሚበረታ፥ ብረት ለመድረቅ ጊዜ አያገኝም። አጥርም መጀመሪያ የሚታመመው ውሃ ከሚያቁርበት፥ ሁለት ብረት ከተደራረበበትና እግሩ ከድንጋይ ከገባበት ሥፍራ ነው። ዝገት ከበላው ብረት የበለጠ ቦታ ስለሚይዝ፥ እያበጠ ድንጋዩን እንኳ ይሰነጥቃል። የጥንቱ ብረት ድፍን ስለ ሆነ ብዙ ዘመን ይታገሣል፤ የቱቦላሬ ግድግዳ ግን ስስ ነው፤ ከውስጥ ሲበላም አይታይም።

ስለዚህ አሮጌውን ከመንቀል በፊት ፎቶግራፍ እናንሣው፤ ውፍረቱንና በዘንጎቹ መካከል ያለውን ርቀት እንለካ፤ ከሁሉ የዳነውንም አንድ ክፍል ለአብነት እናኑር። በእንግሊዝ አገር በሁለተኛው የዓለም ጦርነት ጊዜ መንግሥት ለጦር ሥራ ብሎ እጅግ ብዙ የብረት አጥር አስቆርጦ ነበር። በኋላ ጥንቱን ለመመለስ የተነሡ ሰዎችን የረዷቸው አሮጌ ፎቶግራፎችና በድንጋዩ ላይ የቀሩት የብረት ጉቶዎች ናቸው።

አዲሱ ሲሠራ ቀጥ ያለውን በመጋዝና በብየዳ፥ የተጠማዘዘውን አበባ ግን በከሰል እሳት አግሎ በሚቀጠቅጥ ባለ እጅ ማሠራት ይገባል። ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጅን መስደብ በአዋጅ ከልክለው ነበር፤ ሙያው ዛሬም የሚያስከብር ነው።

ከዝገት የሚጠብቀው ዚንክ ነው። የቤታችን ቆርቆሮ ሥሩ ብረት ሲሆን ላዩ ዚንክ ነው። ቆርቆሮ ትንሽ ቢጫር ዚንኩ ራሱ እየተበላ ብረቱን ያድነዋል፤ ዚንኩ ሲያልቅ ግን ቆርቆሮው ይቀላል። ይህን ዘዴ ፈረንሳዊው ሶሬል በ1837 እ.ኤ.አ. የፈጠራ መብት አወጣበት። ተበይዶ ያለቀውን አጥር ወደ 450 ዲግሪ በሞቀ የቀለጠ ዚንክ ውስጥ መንከር ከሁሉ ይበልጣል። ነገር ግን ዙሪያው የታሸገ ቱቦ ሲነከር ሊፈነዳ ስለሚችል፥ አስቀድሞ ቀዳዳ ይበጅለት። ይህ ባይገኝ ዝገቱ እስከ ንጹሕ ብረት ይፋቅ፤ ዚንክ ያለበት ቀለም፥ ከዚያም ሁለት እጅ የላይ ቀለም ይቀባ። የአጥሩም እግር ከመሬት ከፍ ብሎ ውሃ በሚያንሸራትት ድንጋይ ላይ ይቁም።

ሁለት ማስጠንቀቂያ እንጨምር። አሮጌ ቀለም እርሳስ ሊኖርበት ስለሚችል በደረቁ አይፋቅ፤ ትቢያው ሕፃናትን ይመርዛል። ዚንክ የተለበጠ ብረትም በዝግ ቤት አይበየድ፤ ጢሱ ብየዳ ሠሪውን ያንቀጠቅጠዋል፥ ያስተኩሰዋልም።

በፓሪስ በ1889 እ.ኤ.አ. የተመረቀው የኤፌል ግንብ እስከ ዛሬ የቆመው በየጊዜው እየታደሰ ስለሚቀባ ነው። እኛም በየዓመቱ መስከረም ሲጠባ አጥራችንን እንመርምር፤ የቀላውንም ሳይሰፋ እንቀባ። ቀለም ከአዲስ አጥር ይረክሳልና።